ለንጉሡ ወታደር የሰጠሁት መልስ

ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ወረራን የማያውቅ ሰው በአባቴ ላይ መፍረድ አይችልም።

አባቴ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጎንደር ላይ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከድጓው ቀጥሎ የሚወዱት ሰንጠረዥ፣ የጥንቱ የአበሻ ቼዝ ነው፤ የሚጫወቱትም በአገራችን ሕግ ነው። በአገራችን ሕግ ጨዋታው ሲጀመር ተራ ብሎ ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ይሰዳሉ፤ አንደኛው የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እንደ ፍጥነታቸው፣ ፈረሱንም ወታደሩንም ካሻቸው ቦታ ያሰልፋሉ። ወረራ የሚባለው ይህ ነው። ተራ የሚጠበቀው ከመጀመሪያው መብል በኋላ ነው። አባባ በወጣትነታቸው በደጃዝማቾች አዳራሽ እየተጠሩ ይጫወቱ ነበር፤ ወረራ ላይ እጃቸው አይታይም ይባልላቸው ነበር።

እኔ አምሳል ነኝ። በ1949 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደው አንድ ቡና ቤት የመምህራን ክበብ ሆኖ ነበር። አንድ ካራምቡላ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣ አራት የቼዝ ጠረጴዛ ነበረው። የክበቡ ጌታ ምክትል ዲሬክተራችን አቶ ክንዱ ነው። ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተምሮ መጥቷል፤ ከዚያ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ቼዝና ሰማያዊ የአንገት ልብስ ነው። የአንገት ልብሱን ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ አያወልቀውም።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ አባባን ጋበዛቸው። «መሪጌታ፣ የጎንደር አንደኛ እርስዎ ነዎት ሲሉ እሰማለሁ። እስቲ እንሞካከር» አላቸው። አባባ ካባቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። ክንዱ ነጩን ያዘና ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት አስፈንጥሮ፣ እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ። አባባ ጨዋታው ተጀመረ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት ጊዜ። ፈረሶቹ ወጡ፣ ወታደሮቹ ተደረደሩ። ከዚያ ቀና ብለው ክንዱን አዩትና፣ «ምነው ልጄ፣ አታሰልፍም እንዴ?» አሉት። እውነትም አዝነውለት ነበር።

«መሪጌታ፣ ይህ እኮ ቼዝ ነው፤ የገበያ ግርግር አይደለም» አለ ክንዱ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሃያ መምህር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜው ነበር፤ ትከሻዬ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አባባ ቤቱን በሙሉ ዞር ዞር ብለው አዩ። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሱና፣ «ይቅርታ፣ ሕጋችሁን አላወቅሁም» ብለው ወጡ።

ከዚያን ቀን ወዲያ አባባ የሰንጠረዥ ጨርቃቸውን አጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ተማሪዎቻቸውን ያስተምራሉ፣ ማኅሌት ይቆማሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን አፋቸው ተለጉሞ ነው። እኔ ስናገራቸው «እህ» ይላሉ፣ አለቀ። እናቴ ይመኙሽ «ያ የተረገመ ሰውዬ ባሌን ድዳ አደረገብኝ!» ትላለች። እኔም ይህን ወሬ ወደድኩት። ጥፋቱን በሙሉ ክንዱ ላይ ጫንኩትና ለራሴ ቀለል አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ክበብ ብገባ፣ ግድግዳው ላይ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «ተራ ጠብቆ መጫወት የማይችል ኋላ ቀር ሰው ወደ ጠረጴዛ አይቀርብም» ይላል። ከታች የክንዱ ፊርማ አለ። ደሜ ፈላ። ክንዱ ራሱ እዚያው ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ ሄጄ ወረቀቱን ገነጠልኩት፤ አራት ቦታ ቀደድኩና ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጥኩለት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ።

«ኋላ ቀር ያሉት አባቴን ነው።»

«ስም ጠርቻለሁ?»

«አልጠሩም። ወንድነቱ ቢኖርዎት ይጠሩ ነበር።»

ካራምቡላ የሚጫወቱት እንኳ በትራቸውን አቆሙ። ክንዱ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ነው ይበልጥ የሚያናድደው። «አምሳል፣ አባትሽ የሚጫወቱት ነገር ጨዋታ አይደለም። ሕግ የሌለው ነገር ጨዋታ አይባልም» አለኝ።

«እንግዲያው እኔ በእርስዎ ሕግ፣ በእርስዎ ጠረጴዛ እገጥምዎታለሁ። እኔን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ካሸነፍኩ ድንጋይ ተሸክመው ደጃቸው ይቆማሉ፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ።»

ድንጋይ የሚሸከም ሰው ምን ያህል እንደሚዋረድ እዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም። ነፍስ ያጠፋ ነው፣ አባቱን የመታ ነው ድንጋይ የሚሸከመው። ክንዱ ፈገግታውን ዋጠ።

«ከተሸነፍሽስ?»

«የፈለጉትን ይበሉ።»

«እዚሁ መሐል ቤት ቆመሽ፣ መምህር ሁሉ እየሰማ፣ የአባቴ ጨዋታ ጨዋታ አይደለም ትያለሽ። በራስሽ አንደበት።»

 ምላሴ ከእኔ ቀድሞ፣ «እላለሁ!» አለ። ቀኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ።

የሒሳብ አስተማሪው ማሩ ወዳጄ ነበር። ከክበቡ ተከትሎኝ ወጣና፣ «አብደሻል? ሰውዬው ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ አልተሸነፈም!» አለኝ። «አብጃለሁ። ታስተምረኛለህ ወይስ አታስተምረኝም?» አልኩት። እያጉረመረመ አስተማረኝ።

ሰንጠረዥን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ልዩነቱን ብቻ ነበር የምማረው። በአባባ ቤት ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈረዝ አንዲት ቤት በሰያፍ ነው የሚራመደው፤ በፈረንጁ ንግሥት ሆኖ አገር ያካልላል። ጳጳስ የሚሉት ጠጠር አለ፤ እሱም በሰያፍ ብቻ ነው የሚሄደው። «ጳጳስ በሰያፍ? አባባ እንዳይሰሙህ!» ብዬ ማሩን አሳቅሁት። ወታደር በአባባ ቤት ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ነው፤ በፈረንጁ መጀመሪያ ሲነሣ ሁለት ቤት መዝለል ይችላል።

«አሁን ዋናውን ስሚ» አለ ማሩ። «ክንዱ ሁልጊዜ የንጉሡን ወታደር ነው ሁለት ቤት የሚያወጣው። አንቺም ያንቺን የንጉሥ ወታደር ሁለት ቤት አውጥተሽ ፊት ለፊት ትገትሪዋለሽ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንመልስ።»

«ሁላችሁንም አይደለም እንዴ የሚያሸንፋችሁ?»

ማሩ ጆሮውን አከከ።

«እሱ በቀደደው ቦይ አልፈስለትም» አልኩት። አባባ በልጅነቴ ወረራ ሲያስተምሩኝ፣ «የሰው ወታደር ሲሮጥብሽ አትደንግጪ። መጀመሪያ ደጋፊውን አቁሚ፣ ቀጥለሽ ምቺ» ይሉኝ ነበር። እኔም ጥቁሩን ይዤ፣ ከንግሥቴ አጠገብ ካለው ጳጳስ ፊት ያለችውን ወታደር አንዲት ቤት ብቻ ገፋኋት። ማሩ፣ «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» አለ። በሚቀጥለው ተራ የንግሥቴን ወታደር ሁለት ቤት አወጣሁና የእሱን የንጉሥ ወታደር መታሁበት፤ ቢበላኝ የመጀመሪያዋ ወታደር መልሳ ትበላዋለች። ማሩ ሰሌዳው ላይ አጎነበሰ። ማታውን አንድ አሮጌ የቼዝ መጽሐፍ ሲያገላብጥ አድሮ፣ በማግሥቱ እየሮጠ መጣ። «አምሳል! ይህቺ መከላከያ መጽሐፍ ላይ አለች! ሁለት ፈረንጆች ናቸው ስማቸውን የሰጧት!» አለኝ። «ስማቸውን ይውሰዱት፤ እኔ ያገኘኋት ከአባባ ነው» አልኩት።

ሦስት ሳምንት እሷኑ ብቻ ተጫወትን። ማሩ በሚችለው መንገድ ሁሉ አጠቃኝ። መጀመሪያ አካባቢ አደባየኝ፤ በመጨረሻው ሳምንት ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን እኔ ወሰድኩ። «እሱ ግን እኔ አይደለም» ይለኝ ነበር። እኔም ይህን አጥቼው አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት ያ መሐል ቤት ቆሜ የምናገረው ቃል እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

እሑድ ከቀትር በኋላ ክበቡ ጢም ብሎ ጠበቀኝ። ከጠዳና ከአዘዞ ትምህርት ቤት ሳይቀር መምህራን መጥተዋል። ክንዱ ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝና፣ «ለሴት ወግ ነው፤ ነጩን ልልቀቅልሽ» አለ።

«አልፈልግም። ጥቁሩን ነው የምፈልገው። እንደ ልማድዎ ይጀምሩ።»

ጀመረ። የንጉሡ ወታደር ሁለት ቤት። እኔ ያቺን ወታደሬን አንዲት ቤት። ከኋላ አንዱ፣ «እንዴ፣ ፈራች እኮ!» ሲል ሰማሁት። ክንዱም ሳቅ ብሎ፣ ሁለተኛ ወታደር አምጥቶ ከመጀመሪያው ጎን አቆመና መሐሉን ያዘ። እኔ የንግሥቴን ወታደር አውጥቼ መታሁበት። ሊበላኝ ይችል ነበር፤ ናቀኝና የንጉሡን ወታደር ወደፊት ገፍቶ አለፈኝ። ይህን ነበር የምፈልገው። መውጫውን በወታደር ከመዝጋቴ በፊት ጳጳሴን ወደ ሜዳ አወጣሁት።

ክንዱ ጳጳሴን ሊያባርር የዳር ወታደሮቹን ማሮጥ ጀመረ። አንዱን ሁለት ቤት፣ ሌላውን አንድ ቤት፣ ሌላውን ደግሞ ሁለት ቤት። በየተራው ጠረጴዛውን በጠጠሩ ቋ! ያደርገዋል። ሰዉ ያጨበጭብለታል። እኔ እሸሻለሁ፣ እጠጋለሁ፣ እደግፋለሁ። ማሩ ከአጠገቤ ላብ በላብ ሆኗል። እኔ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ወታደሮቹ ሁሉ ጥለውት ሲሮጡ፣ የክንዱ ንጉሥ ፊት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ልብ አላለውም።

ንግሥቴን ወደ መሐል አወጣኋት። አሁንም ወታደር ገፋ። ንግሥቴ በሰያፍ ወርዳ፣ ወታደሮቹ ጥለውት ከሄዱት ባዶ ቤት ገባች።

«ንጉሥ!» አልኩ፤ ንጉሥህ ተነክቷል፣ አድነው ማለት ነው።

ክንዱ ሻዩን አስቀመጠ። ዙሪያውን ቢያይ መጋረጃ የሚሆነው የለም። ንጉሡን በጣቶቹ ይዞ በእግሩ አስወጣው። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘኝ! ፈረሶቼን አስነሣሁ፣ ግንቤን በተከፈተው መንገድ አወረድኩ። ንግሥቴ ከአንድ ጳጳስና ከአንድ ፈረስ ጋር ተለዋውጣ ወጣች፤ ንጉሡ ግን ሰሌዳው ዳር ተገፍቶ መፈናፈኛ አጣ። የአንገት ልብሱን አወለቀ። እሰይ! አልኩ በሆዴ።

ግንቤ አንድ ጊዜ ብትወርድ ጨዋታው ያልቅ ነበር። ማሩም አይቶታል፤ በጉልበቱ ጎሸመኝ። እጄን ወደ ግንቧ ሰድጄ መለስኩት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በአባባ ቤት ንጉሥ በግንብና በፈረስ አይገደልም። ይገደላል፤ ግን የባለጌ አገዳደል ነው። በአዳራሽ እንደዚያ የገደለ ሰው አሸነፈ ይባላል እንጂ ማንም እጁን አይጨብጠውም። ክብር ያለው ሞት ትንሿ ወታደር ሄዳ የምትገድለው ነው፤ ያን ጊዜ ነው አዳራሹ ብድግ የሚለው። ሕግ የሌለው ጨዋታ ብሎኝ የለ? እኔ ሕጉን ላሳየው ነው።

ግንቧን ትቼ፣ አንዲት ወታደር አንድ ቤት ገፋሁ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ማሩ፣ ድምፁን መቆጣጠር አቅቶት። ቤቱ አጉረመረመ። ክንዱ ትንፋሹ ተመለሰለት፤ በንግሥቱ መጣና ግንቤን በላት። «ንጉሥ!» አለኝ። ሸሸሁ። «ንጉሥ!» ሸሸሁ። «ንጉሥ!»  እግዚኦ፣ ምን አደረግሁ? አልኩ። በትዕቢቴ አባቴን መሐል ቤት ቆሜ በገዛ አፌ ልሰድባቸው ነው! እንባዬ መጣ፤ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት። ንጉሤን በሁለቱ ወታደሮቼ መካከል አስገባሁት፤ ያ መጀመሪያ የሳቁባት ወታደር የቆመችበት አጥር ማለት ነው። ንግሥቱ ከዚህ ወዲያ መግቢያ አጣች። ክንዱ ሰሌዳውን ብዙ አየ። ንጉሡን ሊያስመልጥ አንድ ጠጠር ነካ፣ ተወው፣ ሌላ ነካ። በመጨረሻ ንግሥቱን ወደ ቤቷ መለሳት። አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነበር።

ወታደሬን አንዲት ቤት ገፋኋት።

«በወታደር» አልኩት። «ይቁጠሩት።»

ቆጠረው። የሚሄድበት ቤት ሁሉ ወይ በፈረሴ ወይ በጳጳሴ ተይዟል፤ ወታደሯን እንዳይበላት ደጋፊ አላት። ንጉሡን አጋደመው። ማሩ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። ከሁሉ በፊት ያጨበጨቡት አንድ የጠዳ አሮጌ የግዕዝ አስተማሪ ናቸው፤ «በወታደር! በመደቅ ገደለችው እኮ!» እያሉ፣ ወታደርን በጥንት የሰንጠረዥ ስሟ እየጠሩ፣ እንደ ሠርገኛ ይጮኹ ነበር።

ክንዱ ቃሉን አላጠፈም፤ ይህን አልነፍገውም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጃችን መጣ። ድንጋዩ የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ ቦርሳውን ከፍቶ እንቁላል የምታህል ጠጠር አሳየኝ።

«ይህ ምንድን ነው? ለወንጭፍ ነው?» አልኩት።

«ድንጋይ አልሽ እንጂ መጠኑን አልነገርሽኝም።»

«ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሞልቶልዎታል፤ ይሂዱና ድንጋይ የሆነ ድንጋይ ያምጡ!»

ሄደ። ሲመለስ ጫንቃው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ተሸክሞ፣ ሸሚዙ በአፈር ተበላሽቶ ነበር። አባባ እናቴ ጠርታቸው ወጡ። ክንዱ ተንበረከከ። «መሪጌታ፣ በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» አለ። ድምፁ የምክትል ዲሬክተር ድምፅ አልነበረም።

እኔ ከበሩ አጠገብ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆሜያለሁ። አገር የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

አባባ ወደ እሱ ሄደው ድንጋዩን አወረዱለት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ልጄ። እኔስ ከመጀመሪያውም አልተቀየምኩህም። አንተን የት አውቅሃለሁ? እንግዳ ሰው ሕጉ ሌላ ሲሆንበት ይስቃል» አሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።  ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። እጄ ከደረቴ ላይ በራሱ ወረደ። ያን ሁሉ ሳምንት «እህ» ሲሉኝ የከረሙት ለምን እንደሆነ እኔ ሳላውቀው ቀርቼ ነው? አውቄዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ስሸሽ የነበረው ከክንዱ ንግሥት ብቻ አልነበረም።

ሄድኩና ከክንዱ ጫንቃ የወረደውን ድንጋይ አነሣሁ። ከበደኝ። ክንዱ ሊያግዘኝ እጁን ቢዘረጋ፣ «አይንኩብኝ!» አልኩት። ጫንቃዬ ላይ አውጥቼ አባባ ፊት ተንበረከክሁ።

«ሳቅሁብዎት አባባ» አልኩ። «ልጅዎ ሆኜ፣ ጨዋታውን እርስዎ አስተምረውኝ፣ ከነሱ ጋር ሳቅሁብዎት።»

«አየሁሽ» አሉ አባባ። «ነጠላሽን አፍሽ ላይ ስታደርጊ አየሁሽ።»

ወዲያው ያወርዱልኛል ብዬ ነበር። አላወረዱልኝም። ክንዱን በክንዱ ያዙና፣ «ግባ ልጄ፣ ምሳ ቀርቧል» ብለው ይዘውት ገቡ። እናቴ ልትቀርበኝ ስትል ከውስጥ፣ «ተያት!» አሉ። ተንበርክኬ ቀረሁ። ውስጥ ሲበሉ፣ ሲጨዋወቱ ይሰማኛል። አንገቴ ተቃጠለ፣ ጉልበቴን ጠጠር በላው። ማውረድ እችል ነበር፤ የሚያየኝ አልነበረም። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላወርድም አልኩ።

አባባ እጃቸውን ታጥበው፣ ውኃው ከጣታቸው እየተንጠባጠበ ወጡ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከጫንቃዬ ላይ አነሡት። መሬት ሲያስቀምጡት አጎነበሱ፤ ሽበታቸው ፊቴ ላይ ደረሰ።

«በወታደር ገደልሽው አሉኝ» አሉ።

«አዎ።»

«ግንብሽን አስበልተሽ።»

«አዎ አባባ።»

«ሁለተኛ በእኔ መሳቅ ሲያምርሽ» አሉ፣ አገጬን ይዘው ቀና እያደረጉኝ፣ «መጀመሪያ ፊቴ ተቀመጪና አሸንፊኝ። ከዚያ እንደ ልብሽ ሳቂ።»

አንገቴ አልዞር ብሎኝ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየወረደ፣ ዓይናቸውን ቀጥ ብዬ አየሁት።

«አሸንፍዎታለሁ» አልኳቸው።